ሹክር ቀብድ አይደለም



የዛሬው የጁሙዐ ጽሑፍ ከወትሮው ይረዝማል፤ ታገሱኝ። ከዚህ በፊት የሰጠሁትን አንድ መልስ ማረም ስላለብኝ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። (ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ማንነቷን የሚጠቁም ነገርም እዚህ የለም።) ካገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጅ አልወለደችም። በየሱጁዷ ትለምናለች፣ ተሃጁድ ትቆማለች፣ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች። የጻፈችልኝ ግን ስለ ልጅ አልነበረም። "ዑስታዝ፣ ሰው ሁሉ 'እንዴት ነሽ?' ሲለኝ 'አልሐምዱሊላህ' እላለሁ። ውስጤ ግን ይነዳል። እየዋሸሁ ይሆን? አላህ ፊት ውሸታም ሆኜ እንዳልቀርብ ፈራሁ" ነው ያለችኝ።

እኔ ያኔ ከአንድ ደርስ ወደ ሌላ ደርስ እየሮጥኩ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። ሹክር አብዢ፤ ለሚያመሰግን እንደሚጨምርለት አላህ ቃል ገብቷል፤ የጎደለሽን ትተሽ የተሰጠሽን ቁጠሪ፤ በሚቀጥለው ረመዷን ልጅ ታቅፈሽ ታበስሪኛለሽ ኢንሻአላህ አልኳት። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ለሰሚውም ለተናጋሪውም ይጣፍጣል።

ረመዷን መጣ፣ ሄደ። ከዒድ በኋላ ደግማ ጻፈችልኝ። "ዑስታዝ፣ ያሉኝን አድርጌያለሁ። ደብተር ገዝቼ ኒዕማዎቼን በየቀኑ እየቆጠርኩ ጻፍኩ። አልመጣም። አሁን እጄን ለዱዓ ሳነሳ አንድም ቃል አይወጣልኝም። ምናልባት ሹክሬ አልበቃ ይሆናል።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ ደግማችሁ አንብቧት። ከኔ መልስ በፊት ይህች እህት አንድ ሐዘን ነበራት። ከኔ መልስ በኋላ ሁለት ሆነባት፤ ልጅ ማጣቷና "ያላገኘሁት በቂ አመስጋኝ ስላልሆንኩ ነው" የሚል ጥርጣሬ። ሁለተኛውን የጫንኩባት እኔ ነኝ። አላህ ይማረኝ።

ስህተቴ የት እንደነበር ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ። ሹክርን እንደ ቀብድ አድርጌ ነበር ያስተማርኳት። ሱቅ ገብተህ ለሶፋ ቀብድ ታስይዛለህ፤ በቀጠሮው ቀን ትሄዳለህ። ሶፋው ከሌለ ወይ ነጋዴው አታሎሃል፣ ወይ የከፈልከው አልበቃም። በዚህ ሒሳብ የሚያመሰግን ሰው የለመነው ሲዘገይበት ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ጌታውን መጠርጠር ወይም ራሱን መክሰስ። ይህች እህት አደብ ስላላት ራሷን ከሰሰች። ሌላኛውን መንገድ የያዙም ወጣቶች አውቃለሁ። ተመርቀው ሁለት ሦስት ዓመት ሥራ የፈለጉ፣ በዱዓም ያልቦዘኑ፣ በኋላ ግን ከሶፍ ላይ ቀስ በቀስ የጠፉ። ማንም አላባረራቸውም። ቀብዳቸውን የተበሉ መስሏቸው ነው የሄዱት።

ስለዚህ ጥያቄዋን ከሥሩ እንየው።

እየጎደለው "አልሐምዱሊላህ" የሚል ሰው ይዋሻል ወይ? ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ወሎ ውስጥ ደረሳ ነበርኩ። የፊቅህ ኪታብ ስንጀምር ሸኻችን የመጀመሪያዋ መስመር ላይ፣ "አልሐምዱሊላህ" የምትለዋ ላይ፣ ሦስት ቀን አቆሙን። እኛ ልጆች ነን፤ ቶሎ ውዱእ ጋ ደርሰን "ኪታብ ጀመርን" ማለት ነው የምንፈልገው። እሳቸው ግን ሐምድና ሹክር አንድ አይደሉም እያሉ ይመላለሱብናል። ሹክር፣ ይሉናል፣ ለደረሰህ ኒዕማ የምትመልሰው ምላሽ ነው፤ በልብም በምላስም በአካልም ይሆናል። ሐምድ ግን ተመስጋኙ ምስጋና ስለሚገባው የሚመሰገነው ነው፤ ለአንተ በሰጠህ ነገርም፣ ባልሰጠህ ጊዜም። ከዚያ ኪታቡን ይዘጉና ነገ ድገሙልኝ ይሉናል። እውነት ለመናገር የቃላት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሸኻችን የት ሊያደርሱን እንደነበር የገባኝ ይህች እህት ከጻፈችልኝ በኋላ ነው።

"አልሐምዱሊላህ" ማለት "ደህና ነኝ" ማለት አይደለም። በሰላምታችን ውስጥ እንዲያ ያደረግነው እኛ ነን። አንዱ "እንዴት ነህ?" ሲል ሌላው "አልሐምዱሊላህ" ይልና ወሬው ይቀጥላል። ቃሉ ግን ስለኔ ውሎ የሚናገረው ነገር የለውም። የሚናገረው ስለ እሱ ነው። እኔ እያለቀስኩም ምስጋና የእሱ ነው፤ እየሳቅኩም የእሱ ነው። እንግዲህ ዓይኗ እንባ ያዘለች ሴት "አልሐምዱሊላህ" ስትል ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሁለት ሁኔታ ሁለት ዓይነት ሐምድ እንደነበራቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። የሚወዱትን ነገር ሲያዩ በጎ ነገር ሁሉ በኒዕማው የሚሟላለትን ጌታ ያመሰግኑ ነበር። የማይወዱትን ሲያዩ ደግሞ "አልሐምዱሊላሂ ዐላ ኩሊ ሓል" ይሉ ነበር፤ በየትኛውም ሁኔታ ላይ ምስጋና ለአላህ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ያልወደዱትን ነገር የወደዱት ለማስመሰል አልሞከሩም። ለእሱ ለብቻው ቃል አለው። ልጃቸው ኢብራሂም በእቅፋቸው ነፍሱ ስትወጣ ዓይናቸው አነባ፤ ሰሓቦች ሲገረሙም ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብ እንደሚያዝን፣ ምላስ ግን ጌታን የሚያስደስተውን እንጂ ሌላ እንደማይናገር ነገሯቸው። ሐዘኑንም ተውሒዱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት።

ነቢዩ የዕቁብም (ዐ.ሰ) እንዲሁ ናቸው። መልካም ትዕግሥትን እንደሚታገሱ ሁለት ጊዜ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ በሐዘን ዓይናቸው የነጣውም እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ዩሱፍን ከማንሳት መቼ ነው የምታቆመው በሚል ሲጫኗቸው ስሞታቸውን የሚያሰሙት ለአላህ ብቻ እንደሆነ መለሱላቸው። ዑለሞች ከዚህ የሚያወጡት ትምህርት ቀላል ነው፤ ለአላህ መሰሞት ከሶብር አያወጣም። ከሶብር የሚያወጣው አላህን ለሰው መክሰስ ነው። እንግዲህ ማታ ሱጁድ ላይ "ያ ረብ፣ ደከመኝ" የምትለዋ እህት ምንም አላጎደለችም።

እሺ፣ "ብታመሰግኑ እጨምርላችኋለሁ" የሚለውስ ቃል ኪዳን? ታክሲ ውስጥ ሆኜ የመዘዝኩት እሱን ነበር። የአላህ ቃል ኪዳን ነው፤ አይታጠፍም። እኔ ግን በችኮላ የዘለልኩት ነገር አለ።

ፍሬሽማን እያለን ሎጂክ የሚባል ኮርስ ወስደናል፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ምን ይጠቅመናል ብላችሁ ቀልዳችሁበታል። የዚያች እህት አካሄድ በሎጂክ ሲታይ እንከን የለውም። "ካመሰገንኩ ይጨመርልኛል። አልተጨመረልኝም። ስለዚህ አላመሰገንኩም።" መልኩ ትክክል ነው! ለዚህም ነው ያስጨነቃት። ችግሩ ያለው ሁለተኛዋ መስመር ላይ ነው። "አልተጨመረልኝም" ያለችው ጭማሪው ልጅ ነው ብላ ስለያዘች ነው፤ እንዲያ ብዬ የሞላሁላት ደግሞ እኔ ነኝ። በነህው ስታዩት በሱረቱ ኢብራሂም ያለው ግሥ የሚጨመረው ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ያ መፍዑል ተትቷል። እጨምርላችኋለሁ ይላል፤ ምን እንደሚጨምር፣ መቼ እንደሚጨምር ለራሱ ይዞታል። ደግሞም ከዚያ በፊት ያለው አያ በኒ ኢስራኢል ከፊርዐውን መዳናቸውን የሚያስታውስ ነው። ሹክሩ የተጠየቀው ቀድሞ በደረሰ ውለታ ላይ ነው፤ ለሚመጣ ዕቃ ማስያዣ አይደለም።

ይህን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በላይ የሚያሳይ የለም። እግራቸው እስኪያብጥ ሌሊት ሲቆሙ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያለፈውም የሚመጣውም ኃጢአትዎ ተምሮልዎ ሳለ ለምን ይህን ያህል ብለው ጠየቋቸው። መልሳቸው ታዲያ አመስጋኝ ባሪያ ልሁን እንጂ የሚል ነበር። ከዚያ በላይ ምን ይጠብቁ ነበር? ትልቁ ስጦታ በእጃቸው ነው። የቆሙት ለመቀበል አልነበረም፤ ስለተቀበሉ ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ታሪክ ልምጣ።

ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ልጅ አልነበራቸውም። ዕድሜያቸው ገፍቷል። መርየምን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። የእናቷን ስለት አላህ ተቀብሎ፣ በመልካም አስተዳደግ አሳድጎ፣ ለእሳቸው አደራ የሰጣት ልጅ ናት። ወደ ሚሕራቧ በገቡ ቁጥር እሷ ዘንድ ሪዝቅ ያገኛሉ። ከየት መጣልሽ ሲሏት ከአላህ ዘንድ እንደሆነ፣ እሱ ለሻው ሰው ያለ ሒሳብ እንደሚሰጥ ትነግራቸዋለች። የሚቀጥለው አያ የሚጀምረው "ሁናሊከ" በሚል ቃል ነው። እዚያው፤ ያኔውኑ። ሙፈሲሮች ቃሉ ቦታን ነው ወይስ ጊዜን የሚጠቁመው ብለው ይነጋገሩበታል፤ ለእኛ ሁለቱም ይበቃናል። እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ዘከሪያ ጌታቸውን ለመኑ።

እስቲ ራሳችሁን እዚያ አስቀምጡ። ልጅ የሌላቸው ሽማግሌ የሌላ ሰው ዱዓ ተሰምቶ የመጣችን ልጅ በየቀኑ ያያሉ። ለእሷ ፍሬ ይመጣል፤ የእሳቸው ቤት ጭር እንዳለ ነው። እኛ ብንሆን እዚያው ምን እናደርጋለን? ስልካችንን ስንከፍት የምናየው ይህንኑ አይደል? የአንዷ ኒካሕ፣ የአንዱ ምርቃት፣ የሌላዋ አራስ ቤት፣ የጓደኛ ቪዛ። "ማሻአላህ" ብለን እንጽፍና ስልኩን ገልብጠን እናስቀምጠዋለን። ደረታችን ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል። ሐሰድ ላይሆን ይችላል፤ ድካም ነው፤ ግን ለሸይጧን በቂ ቀዳዳ ነው። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) የሌላውን ሪዝቅ ያዩበት ቦታ ነው የራሳቸውን ዱዓ የከፈተላቸው። ለመርየም የሰጠው ጌታ የእሳቸውም ጌታ ነው። ከእሷ ድርሻ ተቀንሶ የሚሰጣቸው የለም፤ የእሷም ከእሳቸው ተቀንሶ አልተሰጠም።

ዱዓቸው በሱረቱ መርየም መጀመሪያ ላይ በሰፊው ተነግሯል። ሰው በማይሰማው ዝግ ባለ ድምፅ ተጣሩ። አጥንታቸው እንደደከመ፣ ራሳቸው በሽበት እንደተቀጣጠለ ተናገሩ። (ወንዶች፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበላችሁ። በዚህ ዱዓቸው ውስጥ ሚስታቸው መካን እንደሆነች ከመናገራቸው በፊት የራሳቸውን ድካም ነው ያስቀደሙት። እኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ ሴቷ ብቻዋን ከሐኪም ሐኪም ትዞራለች፤ ባልየው አንድ ምርመራ ለማድረግ ክብሩ ይነካበታል። ግመልን አስሮ መመካት የሚለው ሐዲስ ለወንድም ነው የመጣው። ተመርመር።) ከዚያ፣ ልጅ ስጠኝ ከማለታቸው በፊት፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አንተን ለምኜ እስከ ዛሬ ዕድለ ቢስ ሆኜ አላውቅም የሚል መንፈስ ያለው። ሙፈሲሮች ሲያብራሩት መልስ አልምደኸኛል ማለታቸው ነው ይላሉ።

ሹክሩ ያለው እዚህ ነው። ለእኔ በአካልና ለዚያች እህት በስልክ ጠፍቶን የነበረው ነገር። አሁንም ልጅ የላቸውም። ሽበታቸውም፣ የአጥንታቸውም ድካም፣ የቤታቸውም ጭርታ አሁንም አለ፤ አንዱንም አልደበቁም፤ አሁን የነገሩት እሱን ነው። ነገር ግን ከዚህ ጌታ ጋር የኖሩት ዕድሜ አለ። ከዚህ በፊት የለመኑት፣ የተሰጣቸው፣ ሳይለምኑም የደረሰላቸው። ያን ሁሉ ዛሬ ባላገኙት አንድ ነገር አልሰረዙትም። ደግሞም ያን ሁሉ የቆጠሩት የዛሬውን ለማስገደድ አይደለም። የሚያናግሩት ማንን እንደሆነ እያወቁ መሆኑን ነው የሚናገሩት።

ይህ እኛ ሰዎችን ከምናጽናናበት መንገድ በጣም ይለያል። እኛ "ካንቺ የባሰም አለ" እንላለን። በዱንያ ጉዳይ ከኛ በታች ያለውን ማየት ሱና ነው፤ አልክድም። ግን ለራስህ የምታየው ነገር ነው እንጂ ሌላውን ዝም የምታሰኝበት ዱላ አይደለም። ዘከሪያ ከእኔ የባሰ አለ ብለው አልተጽናኑም። የራሳቸውን ታሪክ ከጌታቸው ጋር ነው የመዘዙት።

በሱረቱል አንቢያእ ደግሞ ያው ዱዓ ባጭሩ ተነግሯል። ብቻዬን አትተወኝ ይላሉ፤ ወዲያው ግን ከወራሾች ሁሉ በላጩ አንተ ነህ ብለው ይዘጉታል። ከሙፈሲሮች መካከል ይህን መዝጊያ እንዲህ የተረዱት አሉ፤ ወራሽ ባትሰጠኝም አንተ አለህ። ተወኩል ማለት እንግዲህ "ይሰጠኛል፣ እርግጠኛ ነኝ" ማለት ብቻ እንዳልሆነ እዩ። ጥያቄውን አላላላም፤ ብቸኝነቱ እንደሚከብዳቸው በግልጽ ተናግረዋል። ግን ከለመኑት ነገር በላይ የለመኑትን ጌታ ይዘዋል።

ከዚያ ብሥራቱ መጣ። እሳቸውስ ምን አሉ? ተገረሙ! እንዴት ልጅ ይኖረኛል፣ ሚስቴ መካን ናት፣ እኔም አርጅቻለሁ አሉ። ሱብሃነላህ፣ የለመኑት እኮ ራሳቸው ናቸው። እየለመኑ የማይመስል ነገር እንደሚለምኑ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይህን የምለው "ዱዓ ሳደርግ ልቤ ሙሉ አይሆንልኝም፣ እንዴት እንደሚሆን አይታየኝም፣ ስለዚህ ዱዓዬ አይሰማም" ለምትሉኝ ነው። እንዴት እንደሚሆን እንዲታያችሁ አልተጠየቃችሁም። የመጣላቸው መልስም ለእሱ ቀላል እንደሆነና፣ ከዚህ በፊት እሳቸው ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ እንደፈጠራቸው የሚያስታውስ ነበር። ያልለመናችሁት የመጀመሪያ ስጦታ እናንተው ናችሁ።

እዚህ ስደርስ አንድ ጎበዝ ወጣት እጁን እንደሚያወጣ አውቃለሁ። "ዑስታዝ፣ ዘከሪያ እኮ የሕያ ተሰጣቸው። ታሪኩ ያለቀው በመስጠት ነው። ያልተሰጠውስ?"

ልክ ነህ። ያንን ያለፍኩበት መንገድ ነበር ያቺን እህት የጎዳት። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። በሱረቱ ሹራ መጨረሻ አካባቢ አላህ ለሻው ሴቶችን፣ ለሻው ወንዶችን፣ ለሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሻውን ደግሞ መካን እንደሚያደርግ ይናገራል። አራተኛው ክፍል ከሦስቱ ጋር በአንድ ንግግር፣ በአንድ ፈቃድ ሥር ነው የተጠቀሰው፤ የተረሳ ወይም የተገፋ ተብሎ አይደለም። መዝጊያውም የእሱን ዐዋቂነትና ቻይነት ነው የሚያወሳው። በሱረቱል ፈጅር ደግሞ ሰው ሲሰጠው ጌታዬ አከበረኝ፣ ሪዝቁ ሲጠበብ ጌታዬ አዋረደኝ እንደሚል ይነገርና "ከላ" ይባላል። በፍጹም! መስጠቱን የመውደድ፣ መከልከሉን የመጥላት ምልክት ያደረግነው እኛ ነን።

ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኋላ ይህ ኡማ ዲኑን ከማን ነው የተማረው? ከ2,200 በላይ ሐዲሶችን ካስተላለፉት ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ)። ልጅ አልነበራቸውም። ባልደረቦቻቸው ሁሉ በልጅ ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲናገሩ፣ በእህታቸው በአስማእ ልጅ በዐብዱላህ እንዲጠሩ ነገሯቸው፤ ኡሙ ዐብዱላህ ተባሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ ማንን እንደሚወዱ ሲጠየቁ በመጀመሪያ የጠሩት የእሳቸውን ስም ነው። አልፈው የሄዱትም በእሳቸው ክፍል፣ በእሳቸው ደረት ላይ ተደግፈው ነው። ከዚህ ቤት በላይ ዱዓ የሚሰማበት ቤት አላውቅም። እዚያ ቤት ልጅ አልተወለደም። ሙእሚኖች ሁሉ ግን እናታችን ይሏቸዋል።

እህቴ ለምን እንዳልተሰጣት አላውቅም። ወደፊት ይሰጣትም አይሰጣትም አላውቅም። "በሚቀጥለው ረመዷን" ያልኩት ከየት አምጥቼ እንደነበር ሳስበው አፍራለሁ። የማውቀው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን ነው። ኃጢአትና ዝምድናን መቁረጥ የሌለበት ዱዓ ከሦስት በአንዱ ይመለሳል፤ ወይ ፈጥኖ ይሰጣል፣ ወይ ለአኺራ ይቀመጣል፣ ወይ በልኩ ክፉ ነገር ይመለስበታል። ሰሓቦች ይህን ሲሰሙ እንግዲያውስ እናበዛለን አሉ፤ እሳቸውም አላህ የበለጠ ያበዛል አሏቸው። የዘገየውን በተመለከተም የኢብራሂምን (ዐ.ሰ) ዱዓ አስታውሱ። ካዕባን እየገነቡ ለመካ ሰዎች ከራሳቸው የሆነ መልእክተኛ እንዲልክ ለመኑ። ነቢያችን የአባቴ የኢብራሂም ዱዓ ነኝ ብለዋል። በመካከል ስንት ትውልድ አለፈ! ለማኙ መልሱን በምድር ላይ አላዩትም። እኛ ዛሬ የምንሰግደው ግን በዚያ ዱዓ ነው።

"ተቻኩዬ ይሆን?" ብላም ጠይቃኝ ነበር። የባሪያ ዱዓ እስካልተቻኮለ ድረስ እንደሚሰማ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ ታውቀዋለች። ግን የሙስሊምን ዘገባ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መቻኮሉ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ የሰጡት ማብራሪያ ለመንኩ ለመንኩ አልተሰጠኝም ብሎ፣ ተሰላችቶ፣ ዱዓውን መተው ነው። ሲዘገይ ልብ መጨነቁ ብቻውን አይደለም። ቁልፉ መተው ነው። እያለቀሰች የምትለምን ሴት ገና በሩ ላይ ናት። የኔ ድምፅ ቀረጻ ግን ከበሩ ዘወር እንድትል ገፍቷት ነበር።

ለቤተሰብና ለጎረቤት አንዲት ነገር ልጨምርና ላብቃ። "እስካሁን ምንም የለም?" የሚለውን ጥያቄ ተዉት። በቡና ላይም፣ በዒድ ላይም። ለሥራ ፈላጊውም፣ ላላገባችውም፣ ለመካኗም። ከጠየቃችሁ መልስ የላቸውም፤ መልሱ ያለው እናንተ ልትጠይቁት የምትችሉት ጌታ ዘንድ ነው፤ እሱን በሌሉበት ጠይቁላቸው። ወንድም ለወንድሙ በሩቁ የሚያደርገውን ዱዓ መልአክ "ኣሚን፣ ለአንተም እንዲሁ" እያለ ይቀበለዋል።

ይህን ሁሉ ባለፈው ዓመት በአንድ ረጅም መልእክት ጽፌ፣ ይቅርታም ጠይቄ ለእህቴ ላክሁላት። ለብዙ ቀን መልስ አልጻፈችም። እኔም አላጨናነቅኳትም፤ በድምፅ የጎዳሁትን በጽሑፍ ብዛት አልጠግነውም።

ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ቅዳሜ ማታ አጭር ነገር ጻፈችልኝ። ታናሽ እህቷ ወልዳ ዐቂቃ ነበር። ሕፃኑን አስታቀፏት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጥ ቤት ገብታ ሥራ ትይዝ እንደነበር ነገረችኝ። "ዛሬ ግን ዑስታዝ፣ ጭንቅላቱን እያሸተትኩ እዚያው ለመንኩ። ቃሉ ወጣልኝ። ብዙም አላልኩ፤ 'ያ ረብ፣ እስካሁንም አንተ ነበርክ' ነው ያልኩት። ከዚያ አለቀስኩ። ሰዎች ደስታ መሰላቸው።"

እስከ ዛሬ ጁሙዐ ድረስ ልጅ አልወለደችም።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለችውን ሰዓት ታውቋታላችሁ። ብዙ ዑለሞች ዱዓ የማይመለስባት ሰዓት ያሏት ናት። ለራሳችሁ ለምኑ፤ ያለ ኀፍረት፣ በስሙ እየጠራችሁ፣ የፈለጋችሁትን። ስትጨርሱ እጃችሁን ከማውረዳችሁ በፊት ለዚያች እህታችንም አድርጉላት። ስሟን አላህ ያውቀዋል።